«እናቱ የት ነበረች?» ከማለታችን በፊት

አንድ ሕፃን በመንደር ውስጥ በመኪና በተገጨ ጊዜ ከተሰበሰበው ሰው አፍ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ሾፌሩ በምን ያህል ፍጥነት ይነዳ ነበር?» የሚል አይደለም። «መንገዱስ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚልም አይደለም። «እናቱ የት ነበረች?» የሚል ነው። እናቲቱ የት እንደነበረች ግን ሁላችንም እናውቃለን። ወይ እንጀራ እየጋገረች፣ ወይ ሰሊጥ በሚበጠርበት መጋዘን የቀን ሥራዋን እየሠራች፣ ወይ ከቢሮዋ እየተመለሰች፣ ወይ ታናሹን ልጅ ታቅፋ ጤና ጣቢያ ወረፋ እየጠበቀች ነበረች። ልጇን ከጠዋት እስከ ማታ እጁን ይዛ የምትውል እናት የለችም። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ፣ እናት ዓይኗን ለአፍታ ዞር ባደረገች ጊዜ ልጇን የማይቀማት መንገድ እንዴት ሊገኝ ይችላል? የሚለው ነው።

ለዚህ ውይይት ኮኪትን በምሳሌነት መርጠናል። ኮኪት በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ ወረዳ፣ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ መካከል የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው አስፋልት በዚችው ከተማ ያልፋል። በመንገዱ ላይ ሰሊጥና ጥጥ የጫነው ተሳቢ፣ ቦቴው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱና ከእርሻ የሚመለሰው ትራክተር ይተላለፋሉ። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ አህያና ጋሪ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል፣ ጀሪካን የተሸከመች ልጃገረድ፣ ደብተሩን የያዘ ተማሪ ይሄዳሉ። መንገዱ ለከተማዋ ነዋሪ እንጀራ ነው። ሻይና ቡና አፍልታ፣ ምግብ አዘጋጅታ ለመንገደኛ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ይህን ከማንም ይበልጥ ታውቀዋለች። ስለዚህ መንገዱ ይዘጋ፣ መኪና አይለፍ የሚል ሐሳብ ከቶ የለንም። የምንለው ቀስ ብሎ ይለፍ ነው።

በቆላው ከተማ ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርጉት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሙቀቱ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍበት አገር ልጅ በቀትር ከጥላ አይወጣም። የሚጫወተውም የሚላላከውም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሾፌሩም ሳይመሽበት ካሰበው ለመድረስ የሚቸኩለው በዚያው ሰዓት ነው። የልጁ የጨዋታ ሰዓትና የሾፌሩ የጥድፊያ ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። ሁለተኛው የሥራው ወቅት ነው። በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ በአገሬው አጠራር ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ከደጋው ሲወርድ፣ በመንገዱ የሚያልፈው መኪናም በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛም ባንድ ጊዜ ይበዛል። ከዚህም ሌላ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ሦስተኛው በመንገድ ዳር የሚቆመው መኪና ነው። በቆሙ ሁለት ተሳቢዎች መካከል ብቅ የሚልን ሕፃን ጥሩ ሾፌርም ቢሆን አስቀድሞ ሊያየው አይችልም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ከሁሉም የሚቀድመው ይኸው አደጋ ነው። ከሟቾቹም ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ልጆቻችንን ከኩፍኝና ከፖሊዮ ለመጠበቅ ክትባት እናስከትባለን፤ ከወባ ለመጠበቅ አጎበር እንዘረጋለን። በመንገድ ላይ ላለው አደጋ ግን ያዘጋጀነው መከላከያ «ተጠንቀቅ!» ከሚል ቃል አልፎ አያውቅም።

ለመሆኑ ፍጥነት ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ለምንድን ነው? ነገሩ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ትንሽ መኪና፣ ሾፌሩ ልጁን ካየበት ቅጽበት አንሥቶ እስክትቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት ላይ 13 ሜትር ያህል ትሄዳለች። በ60 የምትሄደው ግን ከ35 ሜትር በላይ ያስፈልጋታል። ጭነት ያለው ተሳቢማ ከዚህም ይብሳል። የግጭቱም ኃይል እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መገጨት ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ እንደ መውደቅ ሲሆን፣ በ60 መገጨት ግን ከ14 ሜትር፣ ማለትም ከአራተኛ ፎቅ እንደ መውደቅ ነው። ከመጀመሪያው ልጅ ሊተርፍ ይችላል። ከሁለተኛው መትረፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ ምክንያት ነው ሰውና መኪና በሚቀላቀሉበት የመንደር መንገድ ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የዓለም መንግሥታት ተወካዮች የተስማሙት።

«ልጆቻችሁን ምከሩ» የሚለን ብዙ ነው። ምክሩ ተገቢ ነው፤ አይበቃም እንጂ። 10 ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት በትክክል ለመገመት ገና አልደረሰም። ኳሱ ወደ መንገድ ስትንከባለል የሚያየው ኳሷን ብቻ ነው። «ትራፊክ ፖሊስ ይቁም» የሚልም አለ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲኖር መልካም ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መንደር ከጠዋት እስከ ማታ ሊቆም አይችልም። ሾፌሩን ዞሮ የሚሰድብም አለ። ሾፌሩም የእኛው ልጅ፣ የእኛው ባል ነው። ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ለባለ ንብረቱ የሚያስገባውን የቀን ገቢ ለመሙላት ሲጣደፍ ይውላል። ስለዚህ ፖሊስ በሌለበት ሰዓትም ቢሆን የቸኮለውን ቀስ የሚያሰኘው መንገዱ ራሱ መሆን ይኖርበታል። ፍጥነትን የሚያበርድ የመንገድ አሠራር የሚባለው ይህ ነው።

ይህን አሠራር ሕዝባችን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በየመንደሩ ነዋሪው በመኪና ፍጥነት ሲማረር ድንጋይ ይደረድራል፤ ግንድ ያጋድማል፤ አፈር ይቆልላል፤ አልፎ አልፎም ገመድ ይወጥራል። ጭንቀቱ ይገባናል። ይሁን እንጂ በጨለማ ያልታየ ድንጋይ ሞተር ሳይክል የሚነዳውን ወጣት ይገድላል። በምጥ የተያዘችን እናት ገንዳ ውኃ ወዳለው ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ በተጋደመ ግንድ ይዘገያል። በዋልካ አፈር ላይ የተቆለለ አፈር ደግሞ በክረምቱ ዝናብ ይታጠባል፤ ካልታጠበም ውኃ አቁሮ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። አንዱን አደጋ ስንሸሽ ሌላውን ጠርተን እንገባለን።

ሌላም የለመድነው መንገድ አለ። አደጋ ይደርሳል፤ ሕዝብ ይጮኻል፤ በሳምንቱ ሠራተኛ መጥቶ አንድ የፍጥነት ማብረጃ፣ በተለምዶ ብሬከር የምንለውን፣ ሠርቶ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው። በዚህ አኳኋን ብሬከር የሚያገኘው መንደር ልጁን የቀበረው ወይም ድምፁ ከፍ ያለው ነው። ዝምተኛው መንደር፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች የበዙበት መንደር፣ ተራው አይደርሰውም። እኛ የምንለው እንግዲህ ይህ ነው፦ አንድ ከተማ ከአንድ ብሬከር ይልቅ የሚያስፈልጋት የተጻፈ ደንብ ነው። ማን ይጠይቃል፣ ማን ይለካል፣ ማን ቀድሞ ያገኛል፣ ምን ዓይነት ሥራ ይሠራል፣ ከተሠራስ በኋላ ማን ይጠግነዋል የሚለው በግልጽ ሰፍሮ ሁሉም ሊያየው ይገባል።

እናቶችና አባቶች ተነሥተው እንዲህ ያለውን ሥርዓት ያመጡባቸው አገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 በኔዘርላንድስ ከ3,000 በላይ ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ሴት ልጁ በመኪና የሞተችበት ቪክ ላንገንሆፍ የተባለ ጋዜጠኛ በ1972 በጋዜጣ የጻፈው ጽሑፍ ወላጆችን ቀሰቀሰ፤ «ሕፃናትን መግደል ይቁም» የሚል ማኅበርም ተቋቋመ። የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ማርትዬ ፋን ፑተን ወጣት እናት ነበረች። ወላጆች ከነልጆቻቸው አደባባይ ወጡ፤ የመንደር መንገድ ዘግተው ልጆችን አጫወቱ። በደልፍት ከተማ ነዋሪዎች ጀምረውት የነበረው፣ መኪና በእግረኛ እርምጃ ልክ የሚሄድበት «የመኖሪያ መንገድ» በ1976 በሕግ ተደገፈ። ዛሬ ለልጆች ምቹነቱ የሚመሰገነው አገር በጊዜው መኪና የገዛው አገር እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

«እነርሱ ሀብታሞች ናቸው» የሚል ካለ ወደ አፍሪቃችን እንመለስ። በጋና፣ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሱሁም በተባለች ከተማ መገንጠያ አደጋ በዝቶ ነበር። ሁኔታው ከኮኪት ጋር ይመሳሰላል፤ ትልቅ መንገድ በትንሽ ከተማ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2000 መኪና ሲያልፍባቸው የሚያንገራግጩና የሚጮሁ ድርድር መስመሮች በአስፋልቱ ላይ ተሠሩ። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ አደጋው 35 ከመቶ ያህል፣ የሟቾቹም ቁጥር 55 ከመቶ ያህል ቀነሰ። በታንዛንያም በዳሬሰላም አደጋ በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች አካባቢ ቦታው አስቀድሞ እየተጠና የእግረኛ መንገድ፣ ዜብራ፣ ምልክትና የፍጥነት ማብረጃ የሠራው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም ሥራዎች በአመዛኙ ሲሚንቶ፣ አስፋልትና ቀለም ናቸው።

በአገራችንም ጅምር አለ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መሪ ቃል በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት በአስፋልቱ ላይ ሲሮጡ ታይተዋል። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት ቅድሚያ የሚሰጥ የ10 ዓመት የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በኋላም ጎንደርን ጨምሮ በሌሎች ከተሞች በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። የቀረው ይህ አስተሳሰብ ከትልቁ ጎዳና ወደ መንደሩ፣ ከትልቁ ከተማ ወደ ኮኪት መውረዱ ነው።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንምጣ። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት መንገዱ የማን እንደሆነ ነው። ወደ ድንበር የሚያልፈው አስፋልት የፌዴራል መንገድ በመሆኑ ጉዳዩ የሚመለከተው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ነው። ውስጥ ለውስጥ ያሉት የሰፈር መንገዶች ግን በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ናቸው። ይህን ሳይለዩ አቤት ማለት ከቢሮ ወደ ቢሮ መመላለስን ያመጣል። ስለዚህ ነዋሪው ለሰፈር መንገዱ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቅ፤ ለአስፋልቱ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱና ወረዳው ነዋሪውን ወክለው ለመንገዶች አስተዳደር ይጻፉ።

ቀጥሎ መለካት ነው። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመንገዱ ዳር ራቅ ብላችሁ፣ በጥላ ሥር ተቀምጣችሁ፣ በሁለት ምሰሶዎች ወይም ዛፎች መካከል 50 ሜትር ለኩ። በስልካችሁ ላይ ባለው የሰዓት መቁጠሪያ መኪናው ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ስንት ሴኮንድ እንደፈጀበት ያዙ። 6 ሴኮንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። 4 ሴኮንድ ከሆነ 45፣ 3 ሴኮንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ 60 ነው። ጠዋት ተማሪ ሲገባና ማታ ልጆች ሲጫወቱ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ የ50 ተሽከርካሪ ፍጥነት ብትመዘግቡ «መኪና ይበርራል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ በቁጥር የተደገፈ ማስረጃ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ቁጥር የያዘን ሰው በባዶ መመለስ ያስቸግራል።

ደንቡ ተራ ማስያዝ አለበት። ትምህርት ቤት ያለበት፣ የውኃ ቦኖ ወይም ጤና ጣቢያ የሚገኝበት፣ የእግረኛ መንገድ የሌለው፣ አደጋ የደረሰበት፣ የተለካው ፍጥነት ከፍ ያለ ሰፈር ነጥብ ይሰጠው። ብዙ ነጥብ ያገኘው ይቅደም። ዝርዝሩም በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ ሲሆን ዘመድ ያለው ዘመድ ከሌለው፣ ባለ ሱቅ ከቀን ሠራተኛ አይቀድምም። አቤቱታ የሚቀርብበትም መንገድ ቀላል ይሁን፤ ዕድሩ፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኅብረት፣ ወይም የአንድ ሰፈር እናቶች ፈርመው የሚያቀርቡት አንድ ገጽ ወረቀት ሊበቃ ይገባል።

የሚሠራው ሥራ ዓይነትም እንደ ቦታው ይለያያል። ለሰፈር መንገድ የሚስማማው ማብረጃ አጭርና ሹል ጉብታ ሳይሆን 3 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከፍታው ከ10 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። በዚህ ላይ ቀስ ብሎ የሚነዳ አይንገላታም፤ የሚከንፍ ብቻ ይቀጣል። ነፍሰ ጡር የጫነ ባጃጅና አምቡላንስም ያለ ጉዳት ያልፉበታል። በቀለም መቀባትና አስቀድሞ ምልክት ማቆም የግድ ነው። ጫፉም ቦዩን እንዳይዘጋና ውኃ እንዳያቁር ክፍተት ይተውለት። አንድ ብቻ ከሆነ ሾፌሩ ካለፈው በኋላ ስለሚፈተለክ ከ60 እስከ 100 ሜትር በሆነ ርቀት ተደጋግሞ ይሠራል። በሰፈሩ መግቢያ መንገዱን ግራና ቀኝ ጠበብ አድርጎ ኒም መትከልም ይቻላል። ጠባብ መንገድ ሾፌሩን ያስጠነቅቃል፤ ኒሙም ለቆላው ጥላ ይሆናል። ማዕዘን ላይ ያለው ግን እይታ እንዳይጋርድ መጠንቀቅ ይገባል።

ለአስፋልቱ ደግሞ በከተማዋ በሁለቱም መግቢያ ጉልህ ምልክትና ከቤቶች ራቅ ብለው የሚሠሩ አንገራጋጭ መስመሮች፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አካባቢ ከፍ ብሎ የተሠራ ዜብራ፣ ከሁሉም በላይ ለከባድ መኪናዎች ከመንገዱ ወጣ ያለ ማቆሚያ ያስፈልጋል። ማቆሚያው ሾፌሩ ወርዶ እንዲበላና እንዲጠጣ ስለሚያደርገው ምግብና ሻይ የምትሸጠውን እናት ገበያ አይጎዳም፤ እንዲያውም ሊጨምርላት ይችላል። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራም አለ። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ከ11 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት፣ አንድ የሰፈር መንገድ በቀበሌው ፈቃድ ለልጆች ጨዋታ ሊከለል ይችላል። በትምህርት ቤቶችም የተማሪ ትራፊኮች ከመምህራን ጋር ሆነው መሻገሪያውን እንዲጠብቁ ማድረግ ከቆየ ልምዳችን ነው።

ደንቡ ሲዘጋጅ የባጃጅና የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የጋሪ ባለቤቶች፣ የጤና ባለሙያዎችና አካል ጉዳተኞች በስብሰባው ይገኙ። የአንዱ ሰፈር መንገድ ሲበርድ መኪናው ወደ ጎረቤቱ ሰፈር ዞሮ እንዳይከንፍ ሁለቱ ሰፈሮች አብረው ይታዩ። ሥራው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው 50 ሜትር እንደገና ይለካ። ፍጥነቱ ካልቀነሰ ይስተካከል፤ ከቀነሰ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰፈር ማስረጃ ይሁን። ለጥገናና ለቀለምም በየዓመቱ ትንሽ በጀት ይመደብ። ቀለሙ የጠፋ ማብረጃ በሌሊት ካልታየ ድንጋይ አይሻልምና።

ውድ እናቶች! በስብሰባ ላይ ስለ ውኃና ስለ መብራት ስትናገሩ ስለ መንገዱም ተናገሩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ለመንገድም እንጠቀምበት። በመጪው የዕድር ቀን ሦስት ሴቶች ብቻ ተነሥታችሁ «የእኛን ሰፈር መንገድ እንለካ» ብትሉ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። የ50 ሜትር ገመድ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር ይበቃችኋል። ውጤቱን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ለማዘጋጃ ቤቱ አቅርቡ፤ የተቀበሉበትንም ቀንና ቁጥር አስመዝግባችሁ ግልባጩን ያዙ። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ። በዚያም ቀን ተመልሳችሁ ሂዱ።